አሥራ አንድ ሙከራ በሸምሲያ ስም

«እኔ ነኝ ያጠፋሁት» አለ ፍሰሐ በሩን ገርበብ እንዳደረገ። «ልነግርሽ ነበር፤ ዛሬ ነገ ስል ነው የቆየሁት።»

ሸምሲያ ክዳን የተደፋበት ሳህን በሁለት እጇ ይዛ ደፉ ላይ ቆማለች። ዐይኗን ከፍሰሐ ፊት ወደ ኮሪደሩ፣ ከኮሪደሩ መልሳ ወደ ፍሰሐ ላከች።

«እርስዎ ነዎት እንዴ?» አለች። «እኔ ደግሞ የአራተኛ ፎቅ ልጆች ናቸው ብዬ አሁን እናታቸውን ተናግሬያት መምጣቴ ነው።»

«የምን ልጆች?»

«የበርሜሌን ቧንቧ የሰበሩት ናቸዋ። ሲንጠባጠብ አድሮ የሦስት ቀን ውኃ በደረጃው ወርዷል።»

ፍሰሐን ከትናንት ከሰዓት ጀምሮ ሲያስጨንቀው የነበረው ጥፋት ሌላ ነው። ጠዋቱን ሙሉ «ሸምሲያ ብትመጣ እንዲህ እላታለሁ፣ እንዲህ ብትለኝ እንዲህ እመልሳለሁ» እያለ ቃላቱን እንደ ወታደር ሲያሰልፍ ቆይቶ፣ በሩ ሲንኳኳ የፊተኛው ወታደር ብቻ ሮጦ ወጣ። አሁን ደግሞ ሴትዮዋ ሳታውቀው ሌላ መውጫ ከፈተችለት፤ በአንዲት ቧንቧ የምትጠገን ትንሽ ጥፋት። ጨዋ ሰው በዚያ መውጫ አይወጣም። ፍሰሐ ወጣ።

«አዎ» አለ። «ትናንት ማታ ስገባ በቦርሳዬ ጠልፌው ነው።»

«ቧንቧ ዕቃ ነው፤ ይሰበራል። አብሽሩ ጋሼ።» ሳህኑን ዘረጋችለት። «እኔ የመጣሁት ለሌላ ነው። ይቅርታ ልልዎት ነው።»

«እኔን?»

«ትናንት በሰው ፊት አሳፈርኩዎት። ያን ያህል ለፍተው የሠሩትን ትምህርት በእኔ ድድብና አሰደብኩብዎ። የምስር ሳምቡሳ ነው፤ ሥጋ የለበትም። ጾም ቢሆንም ባይሆንም ይበሉታል።»

ፍሰሐ ሳህኑን ተቀበለ። ከዘይት የወጣው ገና አሁን ነውና መዳፉን ፈጀው። ይፈጀኝ ብሎ ይዞት ቆመ።

በሩ ሲዘጋ ባለቤቱ ወለተሰንበት ሽንኩርት ከምትከትፍበት ቀና ሳትል ጠየቀችው።

«በየትኛው ቦርሳህ ነው?»

«ምኑ?»

«ቧንቧ የሚሰብረው። አንተ ቦርሳ ውስጥ ከመነጽርህና ከአንድ ደብተር ሌላ ምን አለ? ትናንት ማታ ደግሞ እንደ ድመት ግድግዳ ግድግዳውን ታከህ ነው የገባኸው፤ በመስኮት ሳይህ ነበር።»

«ተይኝ እስኪ ወለተ።»

«ትቼሃለሁ። ሳምቡሳውን ግን ወዲህ በል፣ አንተ እንደሁ ዛሬ አይወርድልህም።»

እውነቷን ነው፤ አልወረደለትም።

ፍሰሐ ሜክሲኮ አካባቢ ቢሮ ባለው አንድ የሕንፃ ጽዳት ድርጅት ውስጥ የሠራተኞች ማኅደር መያዝ ከጀመረ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። እዚያ ማኅደር ያዥ ይባላል፤ ልደታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ግን ሊቅ ነው። ሊቅነቱ የመጣው ኢሜይል በማውጣት ነው። አንዱ ጎረቤት ለልጁ ምዝገባ፣ አንዷ ለባንክ፣ ሌላው ደግሞ ለምን እንደሆነ ሳይገባው «ያስፈልጋል ተብያለሁ» ብሎ ሲመጣ፣ ፍሰሐ መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ አድርጎ ይከፍትላቸዋል። ፓስወርዱን ማን ያስታውሰው? «አንተው ጋ ይቀመጥ» ይሉታል፣ እንደ ትርፍ የቤት ቁልፍ። ስለዚህ ባለ ሠላሳ ሁለት ገጽ ደብተር አለው፤ የአሥራ ዘጠኝ ጎረቤት ፓስወርድ በሰማያዊ እስክሪብቶ ተጽፎበታል፣ አብዛኛው የበኩር ልጅ ስምና የተወለደበት ዓመት ነው። ደብተሩ አደራ ነውና ከእሱ በቀር ማንም አይገልጠውም። ችግሩም ከዚሁ መጣ።

ሸምሲያ ከሁለት በር ወዲያ ነው የምትኖረው። ሥራዋም እዚያው እሱ ድርጅት ውስጥ ነው። ዘጠኝ ዓመት ወልውላለች። አዲስ የምትቀጠር ሴት ሁሉ መጀመሪያ ከሸምሲያ ጋር ትመደባለች፤ ሸምሲያ እጇን ይዛ ታስተምራትና ሥራውን ስትለምድ ወደ ሌላ ሕንፃ ትላካለች፣ ሸምሲያ ግን እዚያው መወልወያዋ ጋር ትቀራለች። ዘንድሮ የሱፐርቫይዘር ቦታ ሲከፈት ለመጀመሪያ ጊዜ አመለከተች። ማመልከቻውን የጻፈላት ፍሰሐ ነው። ምክንያቷን ሲጠይቃት ጉልበቷን መታ መታ አድርጋ፣ «ሱፐርቫይዘር ቆሞ ነው የሚያየው፣ ተንበርክኮ አይፈትግም» አለችው። እሱ ደግሞ ይህን ወደ ቢሮ ቋንቋ ገልብጦ «ያካበትኩትን ልምድ ለተሻለ ኃላፊነት ለማዋል» ብሎ ጻፈው።

በዚያው ሰሞን የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ ሰብለወንጌል ፍሰሐን አስጠራችው። ሰብለወንጌል ሠላሳ አምስት ያልሞላት፣ ወረቀት ስታይ ፊቷን የምታጠቁር ሴት ናት።

«የጽዳት ሠራተኛው ሁሉ በስልኩ የሚማረው አጭር ኮርስ ይሠራ» አለችው። «መጨረሻው ላይ ፈተና ይኑረው። ሱፐርቫይዘሩንም በዚያው ውጤት እንመርጣለን፤ በትውውቅ መምረጥ በቃን።»

ፕሮግራሙን ራሷ ኢንተርኔት ላይ ከፍታ አሳየችው። ነፃ ነው፤ ኮምፒውተር ላይ የሚጫን ነገር የለውም። ድረ ገጹን ከፍቶ እዚያው ላይ መጻፍ፣ ፎቶ መለጠፍ፣ ድምፅ ማስገባት፣ ጥያቄ ማውጣት ነው። የተማሪዎቹን ስምና ኢሜይል ከመዘገቡ በኋላ ሊንኩን መላክ ብቻ ነው የሚቀረው።

«ቀላል ነው አቶ ፍሰሐ። ልጅም ይሠራዋል» አለች። ልጅ በአካባቢው ስላልነበረ ፍሰሐ ሠራው።

ሦስት ሳምንት ፈጀበት። አምስት ትምህርት አወጣ፤ የመጀመሪያው ሳያልቅ ሁለተኛው አይከፈትም፣ አምስቱ ሳያልቁ ፈተናው አይከፈትም። ይህን መቆለፊያ ያገኘ ቀን ደስ ብሎት ወለተሰንበትን ከኩሽና ጠርቶ አሳይቷታል። ድምፁን የቀዳው የባቡሩ ጥሩምባ እንዳይገባበት ብርድ ልብስ ተከናንቦ ነው፤ ሦስተኛው ትምህርት ላይ ትንሽ ትንፋሽ ያጥረዋል።

ግን ፍሰሐ ስለ ጽዳት ምን ያውቃል? የሠራተኞቹን የዓመት ፈቃድ ያውቃል። ስለዚህ አመሻሽ ላይ ሸምሲያ ከሥራ ስትመለስ ደረጃው ላይ ይጠብቃታል። እሷ የተገለበጠ ባልዲ ላይ፣ እሱ ከቤት ይዟት በወጣት ዱካ ላይ ይቀመጣሉ።

«በረኪናና አሲድ አንድ ቤት አያድሩም ጋሼ» ትለዋለች። «ለየብቻቸው ጨዋ ናቸው። ሲገናኙ ነው ሰው የሚያፍኑት።»

ፍሰሐ ይጽፋል።

«ሶኬቱ መጀመሪያ ይነቀላል፤ ውኃ ከዚያ በኋላ። የሽንት ቤት መወልወያ ደግሞ ኩሽና ከገባ እኔ ከዚያ ሕንፃ እወጣለሁ ብለው ይጻፉልኝ።»

ይጽፋል። ፎቶው ላይ ያሉትም እጆች የእሷ ናቸው፤ ቢጫ ጓንት አጥልቃ ባልዲው ላይ ስትጨምቅ። ስሟ ግን በአምስቱም ትምህርት የትም የለም። የመጨረሻው ገጽ «አዘጋጅ፦ ፍሰሐ» ይላል። የመጀመሪያው ገጽ ደግሞ፣ ነገሩ ጠንከር ብሎ እንዲታይ ብሎ፣ «በሌላ ሰው ስም ገብቶ የተገኘ ከሥራ እስከ መሰናበት ይቀጣል» ይላል። ይህን የጻፈውም ራሱ ነው፤ ማንም አላዘዘውም።

ኮርሱ ያለቀው እሑድ ጠዋት ነው። ሊንኩ ሰኞ ይላካል፤ ከዚያ በፊት መሞከር አለበት። ችግሩ ፍሰሐ ራሱ ሲገባ ፕሮግራሙ መምህሩ እንደመጣ ያውቅና መልሱን ሁሉ ወለል አድርጎ ያሳየዋል፣ መቆለፊያውንም ይከፍትለታል። ተማሪው ምን እንደሚያይ ለማወቅ ተማሪ ሆኖ መግባት ያስፈልጋል። ደብተሩን አወጣ። ከአሥራ ዘጠኙ ውስጥ የድርጅቱ ሠራተኛ አንዷ ብቻ ናት።

«ምን ትላለች፣ ትምህርቱስ የራሷ አይደል» አለ ለራሱ። በሸምሲያ ስም ገባ።

ትክክለኛው መልስ አላስቸገረውም። ያስቸገረው ስህተቱ ነው። ለእያንዳንዱ የተሳሳተ መልስ የምትወጣ አንዲት ቃል አሳምሮ ጽፎ ነበር፣ «አይ እህቴ፣ እስኪ እንደገና አስቢበት» የምትል። እሷ በትክክል ትወጣ እንደሆነ ለማየት መሳሳት የግድ ነው። ተሳሳተ። በረኪናና አሲድ ይቀላቀላሉ ወይ? «አዎ፣ አብረው የበለጠ ያጸዳሉ» የሚለውን ነካ። ያልተነቀለ ሶኬት ላይ ውኃስ? «ይፈሳል።» ከዐሥር ዜሮ መጣለት። ቀይ ቀለሙ በጣም ደመቀበትና ወጥቶ አለዘበው፤ ተመልሶ ገባና እንደገና ተሳሳተ። «እህቴ» የሚለው ወንዶቹን እንዳያስከፋ «ወገኔ» አደረገው፤ እንደገና ተሳሳተ። ነጠላ ሰረዝ ጎደለች፤ እንደገና። እውነቱን ለመናገር እየጣመውም ሄደ። በዕድሜው ሙሉ ላለመሳሳት ሲጠነቀቅ የኖረ ሰው ነውና፣ በሰው ስም እንደ ልብ መሳሳት ምን እንደሚመስል ያየው ያን ቀን ነው። ሲቆጥረው አሥራ አንድ ጊዜ ሆኗል።

ሊያጠፋው ፈልጎ ነበር። የማጥፊያውን ምልክት ሲነካ ፕሮግራሙ በእንግሊዝኛ ረጅም ጥያቄ አመጣበት፤ «ተማሪዋን ከነታሪኳ ላስወግዳት ወይ?» የሚል መሰለው። ደነገጠና «ይቅር» የሚለውን ነካ። «ደግሞ ማን ያየዋል» ብሎ ላፕቶፑን ዘጋ። ወለተሰንበት ከቅዳሴ ተመልሳ ቁርስ አቀረበች፤ በደንብ በላ።

አርባ ሦስት ሰው አየው።

ዓርብ ከሰዓት ሠራተኛው ሁሉ በአዳራሹ ተሰበሰበ። ፕሮጀክተሩን የያዘው ፍሰሐ ነው። ሰብለወንጌል ሪፖርቱን እንዲከፍት ነገረችው፤ ከፈተው። ስም፣ የሙከራ ብዛት፣ የመጀመሪያ ውጤት፣ የመጨረሻ ውጤት፣ የተሳቱ ጥያቄዎች። ከላይ እስከ ታች አረንጓዴ ሆኖ አንድ መሥመር ብቻ ቀይ ነው፤ ያ ራሱ ያለዘበው ቀይ። ሸምሲያ፣ ሙከራ አሥራ ሁለት፣ የመጀመሪያ ውጤት ዜሮ፣ የመጨረሻ ውጤት ዐሥር።

ዐሥሩ የሸምሲያ ነው። ማክሰኞ በምሳ ሰዓት የዕቃ ማስቀመጫ ክፍል ውስጥ ተቀምጣ፣ አንዴ ገብታ፣ አንድም ሳትስት ጨርሳዋለች። የራሷን አባባል በፍሰሐ ድምፅ ስትሰማ ስቃም ነበር። ሌላው አሥራ አንዱ የፍሰሐ ነው።

«ስም ማንሳት አልፈልግም» አለች ሰብለወንጌል፤ ስሙ ከኋላዋ ግድግዳው ላይ ክንድ በሚያህል ፊደል ተጽፏል። «ግን ዘጠኝ ዓመት የሠራ ሰው በረኪናና አሲድ ይቀላቀላሉ ብሎ አሥራ አንድ ጊዜ ከመለሰ፣ ተኝተን የኖርነው እኛ ነን። ይህ ኮርስ ባይኖር መቼ እናውቅ ነበር? አቶ ፍሰሐን እናመሰግናለን።»

ተጨበጨበ። ከኋላ አንዱ፣ «አሥራ ሁለተኛው ላይ ሞላላት እኮ፣ ምን አላችሁ» አለና ወንበሩ ሁሉ በሳቅ ተንቀጠቀጠ። ሸምሲያ ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ ራሷ ካስተማረቻቸው ሁለት ልጃገረዶች መሐል ተቀምጣለች። አልሳቀችም፣ አልተቆጣችም። እጆቿን ጭኗ ላይ ዘርግታ መዳፏን አየች፣ ገልብጣ ጀርባውን አየች፣ ያልለቀቀ እድፍ እንዳለበት ሰው።

ሱፐርቫይዘርነቱ ለቤካ ተሰጠ፤ የሁለት ዓመት ሠራተኛ ነው፣ በአንድ ሙከራ ዘጠኝ ያመጣ። ሸምሲያ ደግሞ ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ ከአዲስ ገቢዎች ጋር የመነሻ ሥልጠና እንድትቀመጥ ተባለ።

ፍሰሐ በዚያች ሰዓት ምን ማለት እንዳለበት ያውቃል። አራት ቃል ነው፤ «እኔ ነኝ የገባሁት፣ ይቅርታ።» ግን የኮርሱ የመጀመሪያ ገጽ ትዝ አለው፤ ጡረታ ለመውጣት አራት ዓመት እንደቀረውም ትዝ አለው። እጁ ማውዙ ላይ ነበር። የቻለውን አደረገ፤ ገጹን ወደ ታች ሳበው። ስሟ ከግድግዳው ላይ ወጣ፤ ከሰው አፍ ግን አልወጣም።

እንግዲህ ቅዳሜ ጠዋት ሳምቡሳ ይዛ የመጣችለት ይህችው ሴት ናት።

ከምሳ በኋላ ፍሰሐ ተክለ ሃይማኖት ወርዶ ቧንቧ ገዛ። ሻጩ ላስቲኩን ሲያሳየው «ከዚህ የሚሻል የለም?» አለ፤ ነሐሱን ሲያሳየው «ከዚህስ የሚሻል?» አለ። ሻጩ «ጌታዬ፣ ለበርሜል ነው ያሉኝ እኮ» ብሎ ዝም አሰኘው። ቤት ሲደርስ ወለተሰንበት የሸምሲያን ሳህን አጥባ፣ ባዶ ሳህን አይመለስም ብላ ቆሎ ሞልታበት ጠበቀችው።

«ያልሰበርከውን ስትጠግን ይህንንም አድርስ» አለችው። የደበቀው ነገር እንዳለ አውቃለች፤ ሃያ ስምንት ዓመት አብረው ኖረዋል። ምን እንደሆነ ግን አልጠየቀችም። ብትጠይቀው ይሻለው ነበር።

ኮሪደሩ ላይ ተንበርክኮ ራሱን ከበርሜሉ ሥር አስገባ። ሸምሲያ ቆሎውን ተቀብላ ባልዲዋን ገልብጣ አጠገቡ ተቀመጠች። ጥቂት ከቆረጠመች በኋላ፣

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አለች።

«ጠይቂኝ።»

«ሰው ሳያውቀው አሥራ አንድ ጊዜ ሊሳሳት ይችላል?»

ፍሰሐ ቧንቧውን ማዞሩን አቆመ።

«እኔ የማስታውሰው አንዴ መግባቴን ነው» አለች ሸምሲያ። «ማክሰኞ፣ በምሳ ሰዓት። ማሽኑ አሥራ ሁለት ነው ካለ ደግሞ፣ ማሽን ምን በደልኩትና ይዋሽብኛል? መጀመሪያ ስልኩ ኪሴ ውስጥ ሆኖ ራሱን ሲነካካ ነው ብዬ ነበር። ግን ኪስ እንዴት አድርጎ በረኪናና አሲድ ይቀላቀላሉ ይላል? ኪሴ እኮ ከእኔ ጋር ነው የኖረው።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ፍሰሐ ይስቅ ነበር።

«ከዚያ እናቴ ትዝ አለችኝ» አለች። ድምፅዋ ዝቅ አለ። «ከመሞቷ በፊት መርሳት ጀምሯት ነበር። አንዱ ወጥ ላይ ሦስት ጊዜ ጨው ታደርግና ‘ወላሂ አልነካሁትም’ ትለን ነበር። ከልቧ ነው የምትምለው። እኔም ትናንት በልቤ ስምል ዋልኩ፣ ወላሂ አልነካሁትም እያልኩ። እንዲህ ሆኖ ነው የሚጀምረው ማለት ነው አልኩ። ጋሼ፣ ማመልከቻዬን ሰኞ ከማኅደሬ ያውጡልኝ። ሱፐርቫይዘሩ ለወደፊቱም ይቅር፤ መወልወሉም ያስፈራኛል። አንዷን ልጅ አሲድና በረኪና አስጨብጬ ባሳፍናትስ?»

ፍሰሐ ከበርሜሉ ሥር ወጣ። ግንባሩ ላይ የበርሜሉ ዝገት ተቀብቷል። ኮሪደሩ ላይ እንዳለ ተቀመጠ።

«አልረሳሽም» አለ። «አእምሮሽ ደህና ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

«ቧንቧውን ነግረውኛል እኮ፣ አለቀ።»

«ቧንቧውን አልሰበርኩም።»

ሸምሲያ ወደ አፏ ያነሳችውን ቆሎ መለሰችው። «ታዲያ ማን ሰበረው?»

«እኔ እንጃ። የአራተኛ ፎቅ ልጆች ይሆናሉ።»

ከዚያ ነገራት። ደብተሩን፣ የእሑዱን ጠዋት፣ ቀይ ቀለሙን፣ ነጠላ ሰረዟን ሁሉ ሳያስቀር። ለራሱ የሚያደላ ቃል ሲመጣበት እየዋጠው፣ የቻለውን ያህል። አንዳንዱን ግን መዋጥ አልቻለም፤ «ትምህርቱ የአንቺ ስለሆነ አይከፋሽም ብዬ» ያለውን ከአፉ ካወጣ በኋላ ነው የተጸጸተው።

ሸምሲያ ወደ እሱ ዞረች።

«በእኔ ስም» አለች።

«በአንቺ ስም።»

«አሥራ አንድ ጊዜ።»

«ቀለሙ ደምቆብኝ…»

«ቀለሙን ተዉት።» ባልዲው ላይ ተስተካክላ ተቀመጠች። «ትናንት ስሜን ግድግዳው ላይ ያወጣው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ። ማውዙን የያዝኩት እኔ ነበርኩ።»

«ሰው ሲያጨበጭብ እርስዎም አጨበጨቡ?»

ፍሰሐ አሰበ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ይመጣል ብሎ አልጠበቀም። ያን ጊዜ እጁን ከማውዙ አንስቶ እንደነበር ትዝ አለው።

«ሁለቴ» አለ።

ከታች ባቡሩ ሲያልፍ ተሰማ። ሸምሲያ ሳህኑን መሬት ላይ አስቀመጠች፤ ቀስ ብላ፣ እንዳትሰብረው።

«እኔ እዚህ አእምሮዬን ልሸኝ ደርሻለሁ፣ እርስዎ ቧንቧ ያጠብቃሉ» አለች። «ለሳምቡሳውም እጅዎን ዘርግተው ተቀበሉኝ።»

«አልበላሁትም።»

«ይህማ ጽድቅ ነው።» ተነሳች፤ ስትነሳ ጉልበቷን ይዛ ነው። «ሰኞ ሁለት ሰዓት ላይ ሥራ አስኪያጇ ጋ አብረን እንገባለን።»

«እኔ ብቻዬን ገብቼ ልጨርሰው። አንቺ ለምን ትቸገሪያለሽ?»

«ብቻዎን ሲገቡማ አየን» አለችና በሯን ዘጋች።

እሑድ ፍሰሐ ቤተ ክርስቲያን ቆሞ ምን እንደተቀደሰ አልሰማም። ከሰዓት ላፕቶፑን ከፈተ። ምን ሊያይ እንደከፈተው ራሱም አያውቀውም፤ የቆሰለ ሰው ቁስሉን እንደሚነካካው ነው። ኮርሱን ከላይ እስከ ታች ሲያይ፣ ከገጹ ራስ በስተቀኝ አንዲት የዐይን ሥዕል አየ። ሦስት ሳምንት ሙሉ እዚያው ነበረች። ሲነካት «እንደ ተማሪ ይመልከቱ» ማለት መሆኗ ገባው። ተከፈተች፤ ስም የሌለው ተማሪ ብቅ አለ። የፈለገውን ያህል ቢሳሳት የማይመዘገብበት፣ እናት የሌለው፣ ጉልበቱን የማያመው ተማሪ ተዘጋጅቶ ሲጠብቀው ነበር ለካ። ፍሰሐ ላፕቶፑን ዘግቶ እጁን ክዳኑ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። ወለተሰንበት አልፋ ስትሄድ አየችውና ትከሻው ላይ ጋቢ ጣል አደረገችለት።

ሰኞ ሁለት ሰዓት ላይ ሰብለወንጌል ፊት ቆሙ። ሸምሲያ ተቀመጪ ስትባል ተቀመጠች፤ ፍሰሐ ሳይባል አልተቀመጠም፣ አልተባለምም። ያለውን አለ። ሰብለወንጌል በመሐሉ አንዴም ሳታቋርጠው ሰማችውና፣

«ዓርብ ለምን አልተናገሩም?» አለች።

«ፈርቼ።»

«ማንን? እኔን?»

«የጻፍኩትን» አለ ፍሰሐ።

ኮምፒውተሯን ወደ ራሷ ስባ የኮርሱን የመጀመሪያ ገጽ አነበበች። ከከንፈሯ ጥግ ፈገግታ ሊያመልጣት ሲል መለሰችው።

«የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይሰጥዎታል» አለች። «ማኅደሩን የሚይዙት እርስዎ ነዎት፤ ራስዎ ፋይልዎ ውስጥ ይክተቱት። ዓርብ ደግሞ በዚያው አዳራሽ፣ በዚያው ሰው ፊት ይናገራሉ። እኔም እናገራለሁ፤ ሳላጣራ የለጠፍኩት እኔ ነኝ። ሸምሲያ፣ የመነሻ ሥልጠናው ቀርቷል። ይቅርታ አድርጊልኝ።»

«ሱፐርቫይዘሩስ?» አለች ሸምሲያ።

ሰብለወንጌል እስክሪብቶዋን አንስታ መልሳ አስቀመጠችው።

«ቤካ ዛሬ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ቁልፍ ተረክቧል። የሕንፃው ባለቤቶች በስሙ ደብዳቤ ደርሷቸዋል። እሱ ምን አጠፋ ብዬ ልንጠቀው? ሰንጋ ተራ ያለውን አዲሱን ሕንፃ የዛሬ ሦስት ወር እንረከባለን፤ የእሱ ሱፐርቫይዘር አንቺ ነሽ፣ አሁኑኑ እጽፍልሻለሁ። እስከዚያው ግን…»

«እስከዚያው እዚያው» አለች ሸምሲያ።

ሰብለወንጌል ወረቀት ስባ መጻፍ ጀመረች።

ወጥተው ደረጃውን አብረው ወረዱ። ሜክሲኮ አደባባይ በሰው ተሞልቷል፤ የታክሲ ረዳቶች ይጣራሉ፣ የመሥሪያ ቤት ሰው በአጫጭር እርምጃ ይሮጣል። ሸምሲያ ዛሬ የተመደበችበት ሕንፃ ከመንገዱ ማዶ ነው፤ ዘጠኝ ፎቅ። ፍሰሐ ቢሮው ከኋላው ሆኖ ሳለ መሸኘት የሚገባው መሰለውና ተከተላት።

«የመጨረሻው ገጽ ላይ ስምሽን አስገባዋለሁ» አላት። «ከእኔ ስም በላይ። ዛሬውኑ።»

«ስሜ ትንሽ ይረፍ ጋሼ።»

መንገዱን ተሻገሩ። ሕንፃው በር ላይ ጠባቂው ሰላም አላትና ባልዲና መወልወያዋን ከጥግ አቀበላት። ፍሰሐ የሚሄድበት እግር አጣ። አንድ ደህና ቃል ብሎ መለየት ፈለገ፤ የሚያጽናና፣ ቀለል የሚያደርግ።

«ሦስት ወር እኮ ቅርብ ነው ሸምሲያ» አለ። «እንዲህ ሲሉት ያልፋል።»

ሸምሲያ ሻሿን አጠበቀች። ቀና ብላ ሕንፃውን እስከ ጫፉ አየችው፤ ከዚያ እሱን አየችው።

«እንግዲያውስ እርስዎ ይወልውሉትና ይንገሩኝ።»